የአቶ ወልደገሪማ ሆድ ድርቀትና የምራታቸው ተልባ

በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በድሬሰርነት ከማገለግልበት ከመርሳ ክሊኒክ ወደ ወልድያ መድኃኒት ላመጣ ስሄድ፣ ሲሪንቃ ላይ የአውቶቡሱ ጎማ ተነፈሰ። ጎማው ተቀይሮ ተሳፋሪው ሲገባ አንድ ሽማግሌ ከቁጥቋጦው ኋላ ሳይመለሱ ቀሩ። ሾፌሩ ጡሩምባ ቢነፋም አልመጡም። ሄጄ ባይ፣ የመርሳው እህል ነጋዴ አቶ ወልደገሪማ የግራር ግንድ ይዘው፣ ፊታቸው በላብ ተጠምቆ ቆመዋል።

«ምን ሆኑ አባቴ?»

«ሆዴ ተዘግቷል። የዘጋችውም አለች» አሉኝ።

ደግፌ አስገባኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ዙሪያቸውን ገልመጥ አድርገው በጆሮዬ አንሾካሾኩ።

«የልጄ ሚስት ውባለም ናት። ወልድያ ተምራለች፤ የተማረች ደግሞ የማታውቀው የለም። ወጧ ይመረኛል። የምታመጣልኝ ውሃ ሥሩ ላይ ቡናማ ነገር ይዘቅጣል። አሁን የምሄደው ድግምቷን ከሚያከሽፍልኝ ደብተራ ዘንድ ነው። ከዚያ ልጄ ይፈታታል።»

ደነገጥሁ። በአገራችን ስንቱ ትዳር በእንዲህ ያለ ሹክሹክታ እንደ ፈረሰ አውቃለሁና።

«ታዲያ ምን እየበሉ ነው?»

«በሳጥን የቆለፍሁትን የሽምብራ ቆሎና ድርቆሽ።»

«ውሃስ?»

«ከእሷ እጅ? ጉሮሮዬ ሲደርቅ ጎረቤት ሄጄ እጎነጫለሁ እንጂ! ኮሶም ደጋግሜ ጠጣሁ፤ ባሰብኝ።»

«ያስመልስዎታል? ደም አይተዋል?»

«የለም።»

«ይህ ቢኖር በቀጥታ ሐኪም ቤት ነበር የምወስድዎ። አይቆጡኝና፣ ምግቧን የተዉት ሆድዎ ከተዘጋ በኋላ ነው ወይስ በፊት?»

ጢማቸውን እየዳበሱ፣ «በፊት ነው» አሉ። ወዲያው ግን ዓይናቸውን አጥብበው ተመለከቱኝ። «መድኃኒቱ ቀስ ብሎ የሚሠራ ቢሆንስ? ለመሆኑ አንተን ማን ልኮህ ነው የምትመረምረኝ? አብራችሁ ተምራችኋል መሰል!»

«ማንም አልላከኝም አባቴ። የመረረዎ አብሽ መሆን አለበት፤ የሚዘቅጠውም ተልባ። ሁለቱም ሆድ ያለሰልሳሉ። ቤት ሲመርጉ ጭቃው ያለ ውሃ ይቦካል?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«ቆሎና ድርቆሽም ያለ ውሃ አንጀት ውስጥ ይደርቃል። ኮሶ ለትል እንጂ ለድርቀት አይሆንም፤ ሲደጋገም ሰውነት ያደክማል። ደብተራው የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ የእኔን ምክር ይሞክሩ።»

«ብትመርዘኝስ?»

«እሷ ትቅመስልዎ፤ እኔም ከጎንዎ እቀመጣለሁ።»

በዚሁ ተስማማን። ወልድያ የክሊኒኩን መድኃኒት ተረክቤ አብረን ወደ መርሳ ተመለስን። ቤታቸው ስንደርስ ውባለም በጥብጣ ያቆየችውን ተልባ፣ ጎመንና የበሰለ ፓፓያ አቀረበች። ሽማግሌው እጃቸውን ሳይዘረጉ፣

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» አሏት።

ነገሩ ገባት መሰለኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቢሆንም ዋንጫውን አንስታ እስከ ግማሽ ጠጣችና፣

«ወጡ እንደ መረረዎ ቢነግሩኝ እኮ አብሹን እቀንሰው ነበር አባባ» አለች።

አቶ ወልደገሪማ አቀረቀሩ። ከዚያም የቀረውን ተልባ ተቀብለው ጨለጡት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከክሊኒካችን በር ላይ ፊታቸው ፈክቶ አገኘኋቸው። ጧት ሲነሡ ውሃ ይጠጣሉ፤ ጎመንና ፓፓያ ከማዕዳቸው አይለይም፤ ወደ ሱቃቸው በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ሆዳቸው ሲጠራቸውም ለገበያ ብለው አያቆዩትም። እንቅልፋቸውም ተመልሷል። «ይቅርታ ልጠይቃት ከጉልበቷ ብወድቅ ደንግጣ እሷም አብራኝ ወደቀች» ብለው ሳቁ።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን አስተውል። ውሃና አትክልት ሆድን ያለዝባሉ፤ የመረረንን በግልጽ መናገር ደግሞ ቤትን ከመፍረስ ያድናል።

እኔና አቶ ወልደገሪማ ይህን ስናወራ ተራዋን የምትጠብቅ አሰለፈች የምትባል ሴት ጠጋ ብላ፣ «እኔንም እኮ ምራቴ ሆዴን አሰረችው» ስትል አንሾካሾከች።

አቶ ወልደገሪማ ከበሩ አግዳሚ ላይ ቦታ ለቀቁላትና፣ «ተቀመጭ እስቲ» አሏት። «ስሟን ከማንሣትሽ በፊት፣ ትናንት ምን በላሽ?»