ጥጃዋ የጠጣችው

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ ልጇን የታቀፈች እናትና አንዲት አሮጊት ያወራሉ።

«ልጁ ምን ሆኖብሽ ነው? ዓይኑ እኮ ጎድጉዷል።»

«ተቅማጥ ነው፣ እማማ። እንክብሉን ጨርሶም አልቆመለት።»

«እንክብሉን ማን አዘዘለት?»

«ማንም። ጎረቤቴ ከልጇ የተረፈውን ሰጠችኝ። እየከፈትኩ በማር አላስኩት።»

«ጤና ኬላ አልወሰድሽውም?»

«ወሰድኩት እንጂ! በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጥተው ሸኙኝ። ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ለውሃ ነው?»

«አሁንስ?»

«ውጫሌ ጠንከር ያለ እንክብል አለ አሉኝ።»

«አላህ ያሽረው። ዱቄቱን ጣልሽው?»

«ኧረ አልጣልኩም! ጥጃዋንም አስቀምጧት ስለነበር በጥብጬ እሷን አጠጣኋት።»

«ተሻላት?»

«እሷማ ወላሂ በማግስቱ ትቦርቅ ጀመር።»

አሮጊቷ «አልሐምዱሊላህ!» ስትል፣ በእናቱ ትከሻ ላይ የልጁን የደረቀ ከንፈር አይቼ የከፈትኩትን የውሃ ሃይላንድ ሳልጠጣ መልሼ ከደንኩት።