የናፍጣው ጭስና የሐጂ ፈረጅ ኖራ

በሰው ሙግት ጥልቅ ማለት አመሌ ነው፤ አስተማሪነት ያመጣብኝ ይመስለኛል። ጋምቤላ ክልል በሆነች በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ የኖራና የሲሚንቶ ነጋዴውን ሐጂ ፈረጅን ሱቃቸው ደጃፍ አገኘኋቸው። ሱቁ የከተማው መብራት ከሚመነጭበት የናፍጣ ሞተር ቤት አጠገብ ስለሆነ ጭሱ ሲወርድበት ይውላል።

«መምህር ኦኬሎ፣ እንኳን እግር ጣለህ! ይችን ልጄን አበላሸህብኝ» አሉኝ።

ልጃቸው ኢልሀም ከባንኮኒው ኋላ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ማትሪክ በጥሩ ውጤት አልፋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ እንድትማር ተመድባለች። አውሮፕላኑ ከነገ ወዲያ ነው፤ አባቷ ግን እሺ አላሉም።

«ምን አጠፋሁ፣ ሐጂ?»

«ተምረሽ ምን ልትሠሪ ነው ብላት፣ የማመንጫ ጭስ እይዛለሁ አለችኝ! ወላሂ፣ ጭስ ይያዛል? ወጥቶ ይበተናል እንጂ። ለዚህ ብዬ ልጄን ሰው አገር ልስደድ? ሱቁንስ ማን ይይዝልኛል?»

ደሜ ፈላ፤ ሆኖም ሽማግሌ ናቸውና ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «ሐጂ፣ እርስዎ የሚያዩት ጥቁሩ ጥላሸት ነው። ከእሱ ጋር የማይታይ አየር ይወጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል። ቢበተንም ቶሎ አይጠፋም፤ ከዓመት ዓመት እየተጠራቀመ ምድርን ያሞቃል። የእኛ ሞተር ኢምንት ናት፤ በሌላው ዓለም ግን ቀን ከሌት ከሰል የሚያነዱ ማመንጫዎች አሉ። ነገ ዝናቡ ቢዛባ፣ ባሮ ቢጎድል፣ የምንቸገረው እኛው ነን።»

ኢልሀም፣ ክፍል ውስጥ ያስተማርኳትን ሙከራ ለአባቷ ለማሳየት ጠዋት ከሞተሩ ጭስ ማውጫ የሞላችውን የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ አመጣች። እኔም ኖራው የዘቀጠበትን የጠራ ውሃ በጠርሙስ ይዤ አየሩን በቀጭን ቱቦ ለቀቅሁበት። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ወተት መሰለ።

«አዩ! የማይታየው አየር ከኖራው ጋር ተዋህዶ ነጭ ድንጋይ ሆነ። ይኸው ተያዘ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ሐጂ ሳቁብኝ። «አንተ ሰው፣ ኖራ ለእኔ ታስተምራለህ? ኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ የሚወጣ አይደለም? ስንት ጭነት እንጨት ነዶበት! ድንጋዩ ከምድጃ ሲወጣ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ክብደቱ ጠፍቶ ነው። የጎደለውስ የት ገባ? አየር ላይ አይደለም? ጭስ ለመያዝ ጭስ ልታጨስ ነዋ!»

እውነቱን ልናገር፦ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ሰውዬ በኖራ ነጋዴ ተረታሁ፤ በጣም አፈርኩ።

ይኼኔ ኢልሀም ቀና አለች። «አባ ልክ ናቸው። ኖራ የያዘውን ያለብዙ እሳት አይለቅም። ባሮን የሚያሻግረው ጀልባ ሰው አድርሶ ባዶውን ይመለሳል። እንደ ኖራው እዚያው የሚቀር ቢሆን ለየመንገደኛው አዲስ ጀልባ ሊጠረብ ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎች ተመላላሽ ፈሳሽ ይጠቀማሉ። ሲቀዘቅዝ አየሩን ይይዛል፣ ሲሞቅ ይለቀዋል። የተለቀቀው ተጨምቆ ከምድር በታች ይገባል፤ ፈሳሹ ደግሞ ወደ ሥራው ይመለሳል።»

«ማሞቂያውስ? እሱ እሳት አይፈጅም?»

«ይፈጃል፣ አባ። ችግሩም እሱ ነው። እኔ መማር የምፈልገው በትንሽ ሙቀት የሚለቅ ፈሳሽ ለማግኘት ነው።»

«ይኼን ሁሉ መምህር ነው ያስተማረሽ?»

«አይ፣ እሳቸው ኖራው ድረስ ነው ያስተማሩኝ» አለች ፈራ ተባ እያለች። «እርስዎ የድንጋዩን መቅለል ከደንበኛ ጋር ሲያወሩ ሰምቼ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ከዚያ መጻሕፍት ቤት ገብቼ ፈለግሁ።»

ሐጂ አጠገባቸው ያለውን የኖራ ጆንያ ዳበሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሃያ ዓመት ኖራ ሸጥኩ» አሉ። «ከድንጋዩ ወጥቶ አየር ላይ የሚገባው ምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። እዚሁ ከጆንያው መሀል ሆነሽ አንቺ ጠየቅሽ። እንግዲህ ሂጂ፣ ልጄ፤ ሱቁን እኔው እይዘዋለሁ።»

ኢልሀም ጉልበታቸውን ሳመች። ያን ዕለት የተማርኩትን ለአንባቢ ሳልነግር አላልፍም፦ ልጅን ማስተማር ለአባት ሱቅ ጠባቂ ያሳጣዋል፤ ለአገር ግን አባትም አስተማሪም ያልደረሱበትን የሚጠይቅ ሰው ያተርፍላታል። ንጹሕ አየርና ጊዜውን የጠበቀ ዝናብም የሚገኘው እንዲህ ካለው ሰው ነው።

ልሰናበት ስነሳ ሐጂ ልጃቸውን ጠሩ።

«ኢልሀም፣ ሳትጨርሺ እንዳትመጪ! ስትመጪ ደግሞ መጀመሪያ ለመምህር ኦኬሎ አስረጂልኝ፤ እሱ ገና ኖራው ላይ ነው።»