ግቢው ሲታመም ያልወደቀችው ዘርፌ

ይኸውላችሁ፣ የካ ሚካኤል አዲስ ሙሽራ ሆኜ ከአማቴ ጋር ስኖር ብርቱ ጉንፋን ገብቶ ግቢውን በሙሉ አስተኛው። እንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚቆርጠው ባሌ እንኳ ከአልጋ መነሳት አቃተው። እኔንና አማቴን ጎን ለጎን እንደተኛን ትኩሳት ያንቀጠቅጠናል። በእግሯ የቆመችው ከድሬዳዋ መጥታ ጥግ ያለውን ቤት የተከራየችው ዘርፌ ብቻ ነበረች። በየቤቱ እየገባች አጥሚት ታጠጣለች።

አማቴ ግን «ሁላችን ስንወድቅ እሷ ምነው ደህና ሆነች? ዓይኗ ነው የበላን። ከእጇ እንዳትቀምሺ!» አሉኝ። ለካ ዘርፌ ኩባያውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። እኔ መግቢያ ጠፋኝ። እሷ ግን ገብታ ተቀመጠችና «እማማ፣ ድሬዳዋ ሳለሁ እንዲህ ያለው በሽታ ለሞት አድርሶኝ ነበር፤ ታናሽ እህቴንም የቀበርኩት ያኔ ነው። ይሄኛው ያው ራሱ ባይሆን እንኳ ዘመዱ ነው። ሰውነቴ ሳያውቀው አይቀርም» አለች። ከአጥሚቱ ፉት ብላ ለኔ ሰጠችኝ። አማቴ እያዩኝ ጠጣሁ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ ዘርፌ እየሳለች መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ተዘግቷል፤ አጥሚቱን ግን እንደያዘች ነው።

«አመመሽ እንዴ?» አሏት አማቴ ቀና ብለው።

«ትንሽ ነካ አድርጎኛል እማማ። የሚጥለኝ ግን አይመስለኝም።»

አማቴ ትክ ብለው አዩዋት። «ለካ አንቺም እንደኛው ትስያለሽ» አሉና እጃቸውን ዘርግተው ኩባያውን ተቀበሏት።