ቁልቁለቱን በእርምጃ
ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው አስፋልት ሩጫ ስለማመድ የተረከዜ አጥንት ተሰነጠቀና ሐኪም መሮጥ ከለከለኝ። ጓደኞቼ ለሩጫ ክለብ ምርጫ ሲዘጋጁ እኔ ቤት ዋልኩ። አንድ ጠዋት መንገዱ በጣም ቢናፍቀኝ እያነከስኩ በእርምጃ ወረድኩ። ሁልጊዜ ስሮጥ ከደጃቸው ሆነው እጃቸውን የሚያነሱልኝ እማማ ዘሃራ ጠሩኝ።

«የት ጠፋህ ልጄ? ወላሂ አሳሰብኸኝ።»

«እግሬን ታምሜ ነው እማማ፤ መሮጥ ተከልክያለሁ።»

እግሬን ትክ ብለው አዩት። «ልጄ አረብ አገር ከሄደ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። አንተ ከሩቅ እየሮጥህ ስትመጣ እሱን ትመስለኛለህ። አለመሆንህን ባውቅም፣ እስክትቀርብ ድረስ እሱ ነው እላለሁ።»

ደጃፉ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ምርጫው አለፈኝ። እግሬ እስኪድን ግን በየጠዋቱ በደጃቸው በእርምጃ አልፍ ነበር። እሳቸውም ማንከሴን እያዩም፣ ልጃቸው የመጣ ይመስል ገና ከሩቅ ብድግ ይሉ ነበር።