«ተቀበል» እና «ተቀባይ»

በ1974 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከመቀሌ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ አንድ አውቶቡስ ጎብዬ ሲደርስ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ አየና፣ «ወረድ በሉ እንግዲህ፤ ትርፉም ጎማ ከዚህ አይሻልም። ከቆቦ እስኪመጣልን ጥላ ፈልጉ» አለ። መንገደኛው እያጉረመረመ ተበተነ። መዘግየት የማያናድደው ሰው የለም፤ ይሁን እንጂ አንዳንድ የፈነዳ ጎማ ከደኅናው ጎማ የበለጠ ሰው ያተርፋል።

ከመንገደኞቹ መካከል ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ሽርጥ ያሸረጡ፣ ሽመላቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ አንድ ሰው ነበሩ። ስማቸው ሙሀመድሰይድ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ስም የሚያውቃቸው የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ብቻ ነው። ከዋጃ እስከ ቆቦ ያለው ሰው ሁሉ በበሬያቸው ስም «አባ ዳልቻ» ይላቸዋል። ግጥም አዋቂ ናቸው፤ እሳቸው ያልተጠሩበት ሰርግ ሰርግ አይባልም። አብራቸው ያለችው ልጃቸው ሙሚና ናት። ቆቦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ ማትሪክ ሊደርስ ሦስት ወር ሲቀረው ትምህርቷን አቋርጣ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከአባቷ ጋር መሄዷ ነው።

ሁለቱም ሬዲዮና ቴፕ በሚጠገንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር አረፍ አሉ። ጠጋኙ ነጅሙዲን የሚባል የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበር። ሽማግሌ ሲያይ ብድግ ብሎ በርጩማውን ለቀቀላቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። ኑ፣ እዚህ ይሻላል። ወዴት ነው መንገዱ?»

«ወአለይኩም ሰላም፤ ተባረክ። አዲስ አበባ ነን» አሉ አባ ዳልቻ፣ ይህን ጥያቄ ከጧት ጀምሮ ሲጠብቁ እንደ ነበር በሚያስታውቅ ድምፅ። «ይህቺ ልጄ ዘፋኝ ልትሆን ነው።»

«ዘፋኝ?»

«ምነው፣ ጆሮህ ገበያ ላይ ነው እንዴ የቀረው? አዎን፣ ዘፋኝ! መስከረም ሁለት ቀን ቆቦ የአብዮቱ በዓል ሲከበር በአውራጃው ኪነት መድረክ ላይ የኔን ግጥም ዘፈነች። ሕዝቡ አበደ ብልህ ይሻላል። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ቴፕ ይዞ መጥቶ ነበር፤ የካሴት ነጋዴ ነው። ሁሉንም ቀዳ። ‹እነዚህን ግጥሞች ማን ገጠማቸው?› አለ። ‹እኔ ነኛ፣ ተቀበል!› ብዬ ሌላ አሥር ጨመርሁለት። ‹ልጅቱን አምጣልኝ፤ ስሟን አገር አስጠራዋለሁ› ብሎኝ ሄደ።»

እዚህ ላይ የአገሩን ደንብ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በራያ ቆላ ግጥም የመጣለት ሰው «ተቀበል!» ይላል፤ የሰማው ተቀብሎ ይደግመዋል፤ ከዚያ ወዲያ ግጥሙ የሁሉ ነው። «የኔ ነበር» ብሎ መከራከር ለመንገደኛ ውሃ አጠጥቶ ዋጋ እንደ መጠየቅ ይቆጠራል፤ ነውር ነው። አባ ዳልቻም ዕድሜያቸውን ሙሉ «ተቀበል» ሲሉ ኖረው አንድ ቀን ቆጭቷቸው አያውቅም።

ነጅሙዲን መፍቻውን አስቀመጠ።

«አባባ፣ እንዳይቀየሙኝ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰውየው ማን ይባላል?»

አባ ዳልቻ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈች ብጣሽ ወረቀት አውጥተው ሰጡት። ማንበብ አይችሉም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ «በዚህ ዕድሜዬ ከጠመኔ ጋር አልታገልም» ብለው አሻፈረኝ ያሉ ሰው ናቸው። ለዚህ መንገድ የተጻፈላቸውን የይለፍ ወረቀትም በአውራ ጣታቸው ነው የፈረሙት።

ነጅሙዲን ወረቀቷን አነበበና መልሶ አጠፋት። «‹መርካቶ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሙዚቃ ቤት ብላችሁ ጠይቁ› ነው የሚለው። ስም የለውም። እዚያ ሰፈር እኮ የሙዚቃ ቤቱ ብዛት የማሽላ ዘለላ ነው።»

ሙሚና መሬት መሬት ታይ ጀመር። እሷ ማንበብ ትችላለች፤ ስም አለመኖሩንም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ አይታዋለች። ግን አባቷ ብዙ ደስ ብሏቸው ነበር፤ እሷም መሄዱን ፈልጋዋለች።

«አንተ ልጅ፣ ከመንገደኛ ምን አለህ?» አሉ አባ ዳልቻ ቅር ብሏቸው። «ስለ አዲስ አበባ የምታውቀውን ያህል ተናገር።»

«አራት ዓመት ኖሬበታለሁ። እኔም ዘፋኝ ልሆን ነበር የሄድሁት።»

«አንተ? ታዲያ ስምህን ያልሰማሁት ለምንድን ነው?»

«እሱን ላጫውትዎ። እንደ ደረስሁ አንዱ ባለሙዚቃ ቤት ድምፄን ሰማና ‹ጥሩ ነው፤ ለጊዜው ተቀባይ ሁን› አለኝ። እኔም እንደ እርስዎ ተቀባይ ማለት ክብር መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካ ተቀባይ ማለት ሌላው ሲዘፍን ከኋላ ሆኖ ‹አሃ፣ አሃ› የሚል ሰው ነው። ካሴቱ ላይ ስሙ አይጻፍም። ሦስት ካሴት ላይ ድምፄ አለ፤ እናቴ እንኳ ብትሰማው አትለየኝም። በአንድ ክፍል ሰባት ሆነን ነበር የምንኖረው። ቡና ቤት ስንሠራ ሰዓት እላፊ ስለሚይዘን ወንበር ገጥመን እዚያው ነበር የምናድረው። ጉሮሮዬ ሲዘጋ በማግሥቱ ሌላ ልጅ ቦታዬን ያዘ፤ ‹የት ሄደ?› ያለ ሰው አልነበረም።»

ይህን ሁሉ የተናገረው የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወራ ያህል ረጋ ብሎ ነው። አባ ዳልቻ ግን እንደ መሳቅ አሉ።

«አትቀየመኝ እንጂ ልጄ፣ ድምፅ ባይኖርህ ነዋ! ጀግና ዘፋኝ ብትሆን ኖሮ ማን ከኋላ ያቆምህ ነበር?»

«ሊሆን ይችላል» አለ ነጅሙዲን፣ እሱም ሳቀ። «ድምፅ የነበራትን ልንገርዎ። የሐይቅ አገር ልጅ ነበረች፤ አፏን ስትከፍት ሁላችንም ዝም እንል ነበር። ሴት ስትሆን ደግሞ በመጀመሪያ የምትይዘው ማይክሮፎን አይደለም፣ ትሪ ነው። ‹መድረኩን እስክትለምጂ እንግዳ አስተናግጂ› አሏት። እንግዳው ‹ተቀመጪ› ይላል፤ አልቀመጥም ስትል ‹ኩሩ ናት› እየተባለች ትባረራለች። ዓመት ከመንፈቅ ትሪ ይዛ፣ አንድም ቀን መድረክ ሳትረግጥ፣ ሳል ይዟት ወዳገሯ ተመለሰች።»

ሙሚና ቀና ብላ አየችው። አባ ዳልቻ ሽመላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«የኔ ልጅ ትሪ አትይዝም! አባቷ አጠገቧ አለሁ።»

«እስከ መቼ፣ አባባ? የይለፍ ወረቀትዎ ስንት ቀን ይላል?»

«...አሥራ አምስት።»

«በአሥራ ስድስተኛውስ ቀን ማን አለ?»

እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር በሌሊት ሲያስጨንቃቸው ከርሟል፤ ነገር ግን ጭንቀትን በሰው ፊት ማውጣት አይወዱም። ስለዚህ ጥያቄውን ትተው በሚያውቁት በር ወጡ።

«ስማ እንግዲህ፣ ነገሩ የሚታወቀው ሲሰማ ነው። ሙሚና፣ እስቲ የናትሽን በይለት።»

ሙሚና ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች፦

«የዞብል ደመና ምነው መዘግየቱ፣
መይሙና ስትስቅ ይዘንብ ነበር ፊቱ።»

መይሙና የሙሚና እናት ናት። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። አባ ዳልቻ ይህችን ግጥም የገጠሟት ከቀብሯ በኋላ፣ ማሳውን የሚያጠጣው ጎርፍ ቀርቶ ማሽላው በቆመበት የደረቀ ጊዜ ነበር። ሌሎቹን ግጥሞች ሁሉ ለሰርግና ለደቦ ብለዋቸዋል፤ ይህችን ግን ለራሳቸው ነው ያሏት፤ ሙሚና ቆቦ መድረክ ላይ እስክትዘፍናት ድረስም ከቤት ወጥታ አታውቅም።

ነጅሙዲን አጨብጭቦ ያመሰግናል ብለው ሲጠብቁ ፊቱ ተለወጠ። ወደ ውስጥ ገባና አንድ ካሴት ይዞ ተመለሰ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቴፑን ሊያሠራ ትቶት የሄደ ካሴት ነበር። ለጠገነው ቴፕ አዲስ የባትሪ ድንጋይ አስገባና ከፈተው። ኦርጋን ቀደመ፤ ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ ተከተለ።

አባ ዳልቻ ብድግ አሉ።

«የኔ ነው! ወላሂ የኔ ነው! ዜማው እኮ ነው፣ አንቺ ሙሚና! ተቀበሉኝ! አዲስ አበባ ድረስ ተቀበሉኝ!» ሽመላቸውን ወደ ላይ ነቅንቀው ሊያቅራሩ ምንም አልቀራቸው። ጎማ የሚጠብቁት መንገደኞች ዞረው ተመለከቷቸው።

ነጅሙዲን ደስታቸውን ሊያቋርጥ አልፈለገም፤ ግን ካልተቋረጠ አይሆንም። ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነ።

«አባባ፣ አሁን ደግሞ ቃሉን ይስሙት።»

ዘፋኟ እንደ ገና ጀመረች፦

«የሰማይ ደመና ምነው መዘግየቱ፣
የኔ ቆንጆ ስትስቅ ይዘንብ ነበር ፊቱ።»

«የሰማይ ደመና?» አሉ አባ ዳልቻ። «ደመና ከሰማይ ሌላ የት ሊውል ኖሯል? ተራራችንን፣ ዞብልን ምን አድርገው በሉት?» ሁለተኛው መስመር የገባቸው ዘግይቶ ነው። ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «መይሙናስ?» አሉ። «መይሙናን የት አደረሷት?»

ነጅሙዲን የካሴቱን ማኅደር አንሥቶ ጽሑፉን አነበበላቸው፤ «ግጥምና ዜማ» ከሚለው ቀጥሎ የማያውቁት የአንድ ሰው ስም ነበር።

«ስሜን ተወው» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸው ሰልሎ። «የኔ ስም በበሬ የቆመ ነው። የሷን ስም ግን ከዚህች ግጥም በቀር ሌላ ምን ላይ አስቀምጨው ነበር?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ማንም አይየኝ አላሉም።

ሙሚና ያን ጊዜ ነበር የተናገረችው።

«አባዬ፣ እናቴን ከዘፈኑ ያስወጡ ሰዎች እኔን ወዴት ያስገቡኛል?»

አባ ዳልቻ ወደ ነጅሙዲን ዞሩ።

«ታዲያ ዘፈን ይቅር ነው የምትለኝ? አላህ የሰጣትን ድምፅ ታፍነው?»

«ኧረ እንዲያ አላልሁም! ዘፈን ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ትምህርት አለው። አዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ተፈትኖ ይገባል፤ ማደሪያ ቢቸግር እንኳ የሚጠየቅ አለቃ፣ የሚታወቅ መዝገብ አለው። ማትሪኳን ትውሰድ። ዘፈኑ ባይሳካ አስተማሪ ትሆናለች፣ ነርስ ትሆናለች፤ ‹ተቀመጪ› ለሚላት ሰው ‹አልቀመጥም› ብላ የምትወጣበት በር ይኖራታል። እኔ እኮ ያን ሁሉ የቻልሁት የምመለስበት ሙያ ስላልነበረኝ ነው፤ ይህን ጥገና የተማርሁት ከተመለስሁ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ የምትሄደው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው። ግጥሙንም ይጻፉት፣ አባባ። ቀኑን፣ ስምዎን፣ የማን እንደ ሆነ ይጻፉት። በቃል ‹ተቀበል› የሚባለው ‹ከማን?› ብሎ ለሚያስታውስ ሰው ነው።»

«የተጻፈ ግጥም የታሰረ በሬ ይመስለኝ ነበር» አሉ አባ ዳልቻ።

«ያልታሰረውን ግን ሌላ ሰው አረሰበት።»

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ። «አይ አንተ፣ ድምፅ የለህም ማለቴ ይቅር። አፍስ አለህ።»

ጎማው መጥቶ ተገጠመ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ መንገደኛው ተሻምቶ ገባ። አባ ዳልቻ ወደ አውቶቡሱ ሄዱና፣ «ሁለት ሰው ቀንስ፤ ቦታችንን ለቆመ ሰው ስጥ» አሉት። ሙሚና ሻንጣዋን አንሥታ ወደ ሰሜን የሚሄድ መኪና ለመጠበቅ መንገዱን ተሻገረች። አላለቀሰችም፤ ፈገግ አለች ማለትም ውሸት ይሆናል። ወደ ደቡብ የሚሄደውን አውቶቡስ ግን እስኪሰወር ድረስ አየችው።

በሚቀጥለው እሑድ አባ ዳልቻ ከወጣቶችና ከሴቶች መካከል መሠረተ ትምህርት ሊማሩ ተቀመጡ። የተሳለቁባቸው አልጠፉም፤ እሳቸውም በግጥም መለሱላቸው። አስተማሪዋ ሀጀራ ፊደሉን ካስቆጠረቻቸው በኋላ፣ «እንግዲህ አባባ፣ ስምዎን እንጻፍ» አለቻቸው።

«የኔ ስም ይቆየን፤ እኔ አልጠፋሁም» አሉ። «መጀመሪያ መይሙናን አሳዪኝ።»

ሙሚና ማትሪኳን አልፋ፣ ተፈትና የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች። ዝነኛ ሆነች የሚል ወሬ አልመጣም፤ ግን በምትዘፍንበት ስሟ ይጻፋል፤ ቀን ቀን ታስተምራለች፤ ትሪ ግን አልያዘችም። በወረቀት የሰፈረ ስምና በትምህርት የተደገፈ ሙያ የሚሰጠው ጥቅም ይህ ነው፤ ታላቅ አይመስልም፤ የጎደለበት ሰው ግን መጠኑን ያውቀዋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዋጃ ላይ ሰርግ ነበር። አንድ ቴፕ የያዘ የከተማ ሰው መጥቶ በሕዝቡ መካከል ተሽሎክልኮ አባ ዳልቻ አጠገብ ደረሰ። ሽማግሌው አዩትና፣ «ተቀበል!» አሉ።

ሰውየው ደስ ብሎት ቴፑን አስጠጋ።

አባ ዳልቻ ቴፑን በእጃቸው ገፋ አድርገው ከደረት ኪሳቸው ግጥሞቻቸውን የጻፉበትን ደብተርና እስክሪብቶ አወጡ።

«በዚያ አይደለም» አሉት። «እዚህ ላይ የሚስቴን ስም አንብብ፤ ከሥሩ ስምህን ጻፍና ፈርም። ከዚያ እዘፍንልሃለሁ።»