ልብስ ሰፊውና አዳማጩ መታጠቂያ

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ አዋላጅ ነርሷ የአዛውንቱን ልብስ ሰፊ ደጃፍ አልፋ በሄደች ነበር። ከጣሪያው ጠርዝ ስር ስትጠለል፣ አዛውንቱ ከቦርሳዋ ያፈተለከ፣ ጫፉ የተተረተረ ሰፊ የጨርቅ መታጠቂያ አዩ። የተተረተረ ነገር አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ ዓይናቸው የሚሄደው ወደ ሰዎች ኮት ስፌት ነው።

«ግቢ ልጄ፤ እሱንም ወዲህ በይው» አሏት።

ዝናቡ እስኪያባራ ስፌቱን ጠገኑ። መታጠቂያው የነፍሰ ጡር መሆኑን ከነርሷ ሰምተዋል። በውስጥ በኩል ሲዳስሱት ታዲያ እንደ ትልቅ የልብስ ቁልፍ ያለ ጠንካራ ነገር እጃቸውን ጎረበጣቸው። ለእናቲቱ አዘኑላትና ማንም ሳይጠይቃቸው ስፖንጅ ጨምረው በወፍራም ገበር ሸፈኑት። ሲጨርሱ ዘርግተው አዩት፤ ኮሩበትም።

ነርሷ ተቀብላ ሳቀች። «አባባ፣ እጅዎ ይባረክ። ግን ጆሮውን ደፈኑት! ይህ የሕፃኑን የልብ ምት ከእናቱ ሆድ የሚያዳምጥ ነው። ገላ ካልነካ አይሰማም።»

«ማንን ነው የሚያዳምጠው? ገና ያልመጣን እንግዳ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ያልተወለደን መከታተል ክፉ መጥራት ነው። እናቶቻችን እኛን የወለዱን ያለ ሽቦ ነው።»

«የተወለድነውማ ይኸው ቁጭ ብለን እናወራለን። ያልተወለዱት ግን መጥተው አይመሰክሩም፣ አባባ።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ክርክር የሚወድ ሰው በሩ ሲዘጋበት በመስኮት ይሞክራል። «እሺ ይሁን። ነገ ሲበላሽ ያው ቆሻሻ ነው። የእናንተ ዘመን ዕቃ አንድ ሰሞን አገልግሎ ቦይ ይደፍናል።»

«እዚህ ላይ እውነትዎን ነው። የበፊቶቹ ፕላስቲክ ስለነበሩ አንዲት እናት ተጠቅማ ትጥላቸው ነበር። ይህ ግን ማዳመጫው ይወጣል፣ ጨርቁ ይታጠባል፣ ባትሪው በፀሐይ ይሞላል። ሲቀደድም እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ ይጠግነዋል። እስካሁን አራት እናቶች ታጥቀውታል፤ አምስተኛዋ እየጠበቀችው ነው።»

ልብስ ሰፊው ይህን ወደዱት፤ መውደዳቸውን ግን ዋጥ አደረጉት። «እንግዲያው ሐኪም ቀረ በይኛ!»

«አልቀረም። ምቱ ደህና ነው ቢል እንኳ፣ እናት እንቅስቃሴው ቀነሰብኝ ካለች ያኔውኑ መታየት አለባት። የመታጠቂያው ሥራ ቶሎ እንድንጠረጥር ማድረግ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?»

ይህን ጊዜ ከመጋረጃው ወዲያ ቁልፍ ስትተክል የነበረችው ሴት ልጃቸው መርፌዋን አስቀምጣ ወጣች። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

«አባዬ፣ ትናንት ጽንሱ ዝም አለብኝ ብዬ ስነግርህ ‹ወሩ ሲገፋ ይተኛል› አልከኝ። ዛሬም ዝም እንዳለ ነው።»

የአዛውንቱ ፊት አመድ መሰለ። መቀሳቸውን አነሱና የገዛ እጃቸውን ስፌት ይተረትሩ ጀመር። ነርሷ ቀድማ መኪና ጠራች፤ እስኪመጣ መታጠቂያውን ለልጃቸው አስታጠቀቻት። ከመታጠቂያው ወደ ነርሷ ስልክ የመጣው ምት ዝግ ያለ ነበር። ጤና ጣቢያ ቢሄዱ ወደ ሆስፒታል መላካቸው ስለማይቀር፣ በቀጥታ ሆስፒታሉ እንዲዘጋጅ ደወለች።

ከሰዓት በኋላ በቀዶ ጥገና አንዲት ትንሽ፣ ቁጡ ሴት ልጅ ተወለደች። ሐኪሙ «እስከ ነገ ብትቆዩ ኖሮ…» ብሎ የቀረውን ተወው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት ጎረቤት ሱቁ ገብታ ነርሷ እንዲጠገኑ ያመጣቻቸውን፣ በተርታ የተሰቀሉትን መታጠቂያዎች አየች። «ይኼ ደግሞ የምን ጉድ ነው? ያልተወለደ ልጅ ይሰለላል እንዴ?»

«ይደመጣል እንጂ አይሰለልም» አሉ ልብስ ሰፊው፣ የያኔ ክርክራቸውን እንደረሳ ሰው ኮስተር ብለው። «ይታጠባል፣ ይጠገናል፣ ከእናት ወደ እናት ያልፋል። ሩቅ ያለችውን እናት ለአዋላጇ ያቀርባል። ነፍሰ ጡሯ ምራትሽ ጽንሱ ዝም አለብኝ ካለችሽ ግን፣ ይህ ኖረም አልኖረም ያንኑ ቀን ውሰጃት።»

«ኧረ ተኝቶ ይሆናል! ይህን ያህል ምን አስፈራዎት?»

ሚስታቸው የልጅ ልጃቸውን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልብስ ሰፊው አዩዋት፤ ቢሆንም ንግግራቸውን አላቋረጡም።

«የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ነበር። እናቱ ዝም አለብኝ ስትለኝ፣ ተኝቶ ነው ያልኳት እኔ ነኝ። ሞቶ ተወለደ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግን ዕድል ነው እያልኩ ኖርኩ።»



«ይህን ካንተ አፍ ለመስማት ስንት ዘመን ጠበቅሁ» አለች ሚስታቸው፤ እንባዋ ወረደ።

ጎረቤቲቱ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ በሩ ዞረች። «ምራቴን ልጥራት» አለች። «ከትናንት ወዲያ አንድ ነገር ብላኝ ነበር።»