በስንጥቁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

መሰላል ልዋስ ብዬ ከጎረቤቴ ከቀለም ቀቢው ቤት ጎራ ባልኩበት ጠዋት፣ ሽማግሌው ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ፊት ቆመዋል። የሕንፃ ሥራ የተማረችው የእህታቸው ልጅ መንገዱን ዘግታባቸዋለች። ከግድግዳው ሥር ባለቤታቸው ተኝተዋል፤ ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ያለ ደጋፊ አይነሱም።

«ጋሼ፣ ይህን ስንጥቅ ስንት ጊዜ ደፈኑት?» አለች ልጅቷ።

«ምድር በነቀነቀችን ቁጥር ነዋ። ይኸው፣ አንድም እንግዳ አይቶት አያውቅም።»

«እርስዎም አላዩትማ። እየሰፋ እንደሆነ በምን ያውቃሉ?»

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ይነቀንቀናል። ብርጭቆው ይንጫጫል፣ እኔ እቀባለሁ፣ አለቀ። በቆመ ቤት ላይ አታሟርቺ።»

ደሜ ፈላ። የሠፈራችን በሽታ ይኸው ነው። ምድር ግድግዳችን ላይ ያለውን ጉድለት በየወሩ ታሳየናለች፤ እኛ ግን ስንጥቅን እንደ ነውር እንሸፋፍናለን። ልናገር አፌን ስከፍት ባለቤታቸው ቀደሙኝ።

«አንተ ቀብተህ ትወጣለህ፤ ሥሩ የምተኛው እኔ ነኝ። ልጅቷን ስማት።»

ልጅቷ ከደብተሯ ቀጭን ወረቀት ቀደደች። ስንጥቁን አሻግራ ግራና ቀኙን በሙጫ ለጠፈችና ቀኑን ጻፈችበት። «ወር ሙሉ ሳይቀደድ ከቆየ እኔ ራሴ እቀባልዎታለሁ።»

«ቤት ደግሞ በወረቀት መመርመር ጀመረ?» ብለው ሳቁ፤ ባልዲውን ግን አስቀመጡ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ምድር እንደ ልማዷ ነቀነቀችን። ብርጭቆ እንኳ አልወደቀም። ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌው በሬን አንኳኩ። ሄጄ ባይ ወረቀቱ ከመካከሉ ተቀዷል፤ በተቀደደው መሃል ጥፍር ይገባል።

«አርባ ዓመት የሰው ግድግዳ ሳሳምር ኖርኩ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የራሴን ሳሳምር ሚስቴን ላስጨፈልቃት ነበር። በል ያዝልኝ።»

አልጋውን ከነባለቤታቸው ወደ ወዲያኛው ጥግ ወሰድነው። ልጅቷ ከቁምሳጥኑ አናት ሻንጣዎቹን አወረደች፤ ቁምሳጥኑንም ከግድግዳ ጋር አሰረችው። በሳምንቱ ግንበኛ መጥቶ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ከግራና ቀኙ ግድግዳዎች ጋር በብረት አያያዘው።

መንቀጥቀጡን የሚያስቀር ሰው የለም። አልጋን ከስንጥቅ ማራቅ ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ይህን እያወቀ የሚሰንፍ ሰው በምድር ሊያሳብብ አይገባውም። ሽማግሌው ዛሬ የተሰነጠቀ ግድግዳ ቅቡልን ሲባሉ፣ መጀመሪያ ወረቀት ለጥፈው አንድ ወር ያስጠብቃሉ። የሚቆጣ ደንበኛ ካለ ወደ ቤታቸው ይዘውት ይመጣሉ። በዚያ በሚያብረቀርቅ ክፍል ውስጥ አንድ ያልተቀባ መስመር አለ፤ በላዩም ቀን የተጻፈበት አዲስ ወረቀት፣ እስካሁን ያልተቀደደ።